ዳማከሴ በጓሮአችን፤ ጥቅሙና ወሰኑ

ቤት ያቆመ ሰው ሁሉ ጓሮውን ለማሳመር ይመኛል። አንዳንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ ለመጥራት የሚያስቸግር አበባ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ይተክላል፤ ጥቂት ወራት ደስ ካሰኘው በኋላም በጋው ሲገባ ይደርቅበታል። አንዳንዱ ደግሞ አበባ ለዓይን ብቻ ነው፣ ምን ይረባል ብሎ ጓሮውን ሁሉ ጎመንና ድንች ያደርገዋል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልናወሳው ያሰብነው ለዓይንም ለአፍንጫም ለጤናም የሚሆነውን፣ ከገዛ አገራችን ዱር የተገኘውን፣ አንድ ጊዜ ሥር ከያዘ ከዓመት ወደ ዓመት ሳይዘሩት የሚለመልመውን ዳማከሴን ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ «ዳማከሴንማ ማን የማያውቀው አለ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙንና ሽታውን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃለን። ነገር ግን ሰው በጣም የለመደውን ነገር አስተውሎ አይመለከተውምና አተካከሉንና አጠባበቁን በሚገባ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የጥቅሙን ወሰን የሚያውቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እኛም ራሳችን ይህን ወሰን ባለማወቅ በቤታችን የደረሰብን ነገር ስላለ፣ ሌላው በእኛ ይማር ዘንድ በስፍራው እንተርከዋለን።

የምንኖረው በባኮ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ መንገድ የሚጓዝ ሰው አምቦንና ጉደርን አልፎ፣ የጌዶን ደጋ ከወጣ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ብርዱም እየተወው ይሄድና ኢጃጂን አልፎ ባኮ ይደርሳል። ከዋናው ከተማ እስከዚህ ያለው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ የጊቤ ወንዝ በአጠገቡ የሚያልፍበት፣ ሙቀትና ዝናብ የተስማሙበት አገር ነው። ስለዚህ በቆሎውና በርበሬው፣ ማንጎውም የታወቀ ነው፤ የእርሻ ምርምር ማዕከሉም በተለይ በበቆሎ ዘር ስሙ በመላው ኢትዮጵያ ይጠራል። ለዳማከሴም እንዲህ ያለው አገር እጅግ ይስማማዋል። በየቤቱ አጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳር ካለው ቁጥቋጦ መካከል፣ በጫካም ዳር እናገኘዋለን።

ዳማከሴ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው ወገብ እስከ ራሱ የሚደርስ፣ ስፍራ ካገኘም ከዚያ አልፎ እስከ 3 ሜትር የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ግንዱ ከሥሩ በኩል እንጨት ይሆናል፤ ለጋው ቀንበጡ ግን ለስላሳ ሆኖ በጣት ቢዳስሱት አራት ማዕዘን እንዳለው ይታወቃል። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ዳር ዳሩም እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። አበባው በቀንበጡ ጫፍ ላይ በደረጃ በደረጃ እየተከበበ የሚወጣ ትንንሽ አበባ ነው። እንደ ጽጌ ረዳ ከሩቅ የሚጣራ አይደለም፤ ቀርበው ሲመለከቱት ግን ደስ ያሰኛል። ንብ ግን ከእኛ ይልቅ ዋጋውን ታውቀዋለችና ዳማከሴ ባበበበት ወራት ጠዋት ጠዋት በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው የንቡን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም።

ሳይንሳዊ ስሙ ኦሲሙም ላሚፎሊየም ይባላል። የፊተኛው ስም የሚያመለክተው ወይዛዝርቶቻችን ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ ከሚያደርጉት ከበሶብላ ጋር አንድ ወገን መሆኑን ነው። ናናና ጦስኝም በዚሁ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይቈጠራሉ። በበሶብላና በዳማከሴ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለጓሮ ባለቤት ትልቅ ልዩነት ነው፤ በሶብላ ዘር ሰጥቶ በዓመቱ ይደርቃል፣ ዳማከሴ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። በባኮና በአካባቢው ኦሮምኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን «ቆሪቻ ሚቺ» ይሉታል፤ የምች መድኃኒት ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራልና ስለ ሥራው ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ አተካከሉ እንናገር። ዳማከሴን በዘርም በቁራጭም ማብቀል ይቻላል። ዘሩ እንደ በሶብላ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ የሚዘራው ሰው በተለሰለሰ መደብ ላይ በትኖ በስሱ አፈር ነስነስ ያደርግበታል እንጂ አይቀብረውም፤ ጠልቆ የተቀበረ ዘር ሳይወጣ ይቀራል። ነገር ግን ለቤት ጓሮ የሚሻለው ቁራጭ ነው፤ ፈጥኖ ከመድረሱም በላይ ሽታውና ጠባዩ ከእናቱ አይለይም።

ቁራጩን ለመውሰድ መልካሙ ጊዜ በባኮ ሰኔ ነው። ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ያልጠነከረውንም እጅግ ያልለጋውንም ቅርንጫፍ መርጠን፣ ርዝመቱን አንድ ስንዝር ያህል አድርገን ከአንጓው በታች በስለታም ቢላዋ እንቆርጠዋለን። የታችኞቹን ቅጠሎች አርግፈን፣ ከላይ ሁለት ወይም አራት ቅጠል ብቻ እናስቀርለታለን፤ ቅጠል የበዛበት ቁራጭ ሥር ሳያወጣ ውሃውን አትንኖ ይጠወልጋልና። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንጓ ከአፈር ውስጥ እንዲገባ አድርገን እንተክለዋለን፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው። እስኪይዝም ሦስት ሳምንት ያህል በቅጠል ወይም በሣር ዳስ ከቀትር ፀሐይ መከለል ያስፈልጋል። አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ሥር እንደ ያዘ ይታወቃል። ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት አጥቶ፣ ያዘ ወይስ አልያዘም እያለ በየቀኑ እየነቀነቀ ያደርቀዋል። እኛም በመጀመሪያው ዓመት ከተከልናቸው ስድስት ቁራጮች አራቱን የገደልናቸው በዚህ ዓይነት ነው።

ስፍራው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከቀትር በኋላ ግን ጥቂት ጥላ የሚያርፍበት ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ከቶ በማያገኝበት ስፍራ ቀጥኖና ረዝሞ ያድጋል፣ ሽታውም ይደክማል። ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ ሥሩ ስለሚበሰብስ ጠፍጣፋ ስፍራ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ይገባል። በአንዱና በሁለተኛው መካከል ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ይተው። የበሰበሰ ፍግ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊት፣ ጥቂት ቢሰጠው ይበቃዋል፤ ፍግ የበዛበት ዳማከሴ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሽታው ግን ደካማ ይሆናል። በበጋ ከኅዳር ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠጣት መልካም ነው። እርጥበቱን ለመጠበቅ በሥሩ ዙሪያ ሣር የሚያለብስ ሰው ሣሩን ከግንዱ ጋር አያስጠጋው፤ በእኛ አገር ምስጥ ስላለ በደረቁ ሣር ተስቦ ወደ ግንዱ ይደርሳል።

አበባው ካለቀ በኋላ ቁጥቋጦውን ከቁመቱ እስከ ሢሶ ድረስ መግረዝ ይገባል። ያልተገረዘ ዳማከሴ ከሥሩ እየተራቆተ እንጨት ብቻ ይሆናል፤ የተገረዘው ግን ከየአንጓው አዲስ ቀንበጥ እያወጣ ይጠግባል። ቅጠል ሲለቀምም ከአንድ ቅርንጫፍ ሁሉንም ከመግፈፍ ከየቅርንጫፉ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ካረጀና ከተዳከመ ከራሱ ቁራጭ ወስዶ መተካት ነው። በደጋ የሚኖሩ አንባቢዎቻችንም ተስፋ አይቁረጡ፤ ዳማከሴ ከባኮ እጅግ ከፍ ባለ አገርም ይበቅላል። ውርጭ በሚወርድበት ስፍራ ግን ነፋስ በማያገኘው የቤት ግድግዳ ሥር ቢተከል ይሻላል።

በጓሮ ውስጥ ስላለው ስፍራም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ሰው ዳማከሴን ከጓሮ በስተኋላ፣ ከአመድ መድፊያው አጠገብ ይጥለዋል። እኛ ግን ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር እንድትተክሉት እንመክራለን። ቀሚስ ወይም ጋቢ ሲነካው ሽታው ይነሣል፤ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ደግሞ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል። ጤና አዳምን፣ አሪቲንና ጠጅ ሣርን በአጠገቡ የተከለ ሰው ለእንግዳ የሚያሳየው፣ ለቡናም የሚቀጥፈው፣ ለበዓልም የሚጎዘጉዘው ነገር አያጣም።

እንግዲህ ወደ ጥቅሙ እንመለስ። በአገራችን ምች የሚባለው ሕመም የታወቀ ነው። ሰው በላብ ሳለ ድንገት ፀሐይ ሲመታው፣ ወይም ወጥ ሲሠራ ቆይቶ ሽታው ሳይለቀው ወደ ውጭ ሲወጣ ምች ይመታዋል ይባላል። ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱ ይቈረጣጠማል፣ ያተኩሰዋል፣ አንዳንድ ጊዜም በከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቍስል ይወጣበታል። በዚህን ጊዜ እናቶቻችን ወደ ጓሮ ወጥተው የዳማከሴ ቅጠል ይለቅማሉ፤ በመዳፋቸው መካከል አሽተው አረንጓዴውን ጭማቂ ይጨምቁታል። ጥቂቱን በቡና ያጠጡታል፣ ጥቂቱን በግንባሩና በሰውነቱ ይቀቡታል፣ ሽታውንም ያሸትቱታል፤ ከዚያም ሸፍነው ያስተኙታል። ብዙ ጊዜም ታማሚው አልቦት ሲነሣ ቀሎት ይገኛል።

ይህም ባዶ ልማድ ብቻ አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በውሃና በአልኮል ዘፍዝፈው ያወጡትን ጭማቂ፣ ትኩሳት እንዲይዛቸው ለተደረጉ አይጦች ሰጥተው ትኩሳታቸውን እንዳበረደው አግኝተዋል፤ ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ታትሟል። በአይጥ ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ ተረጋገጠ ማለት ባይሆንም፣ እናቶቻችን ያለ ምክንያት ወደ ጓሮ አልወጡም ለማለት ያበቃል። ነገር ግን አንባቢዎቻችን ይህን አንድ ቃል እንዲያስተውሉት እንለምናለን፤ ዕፁ አበረደ የተባለው ትኩሳትን ነው። ትኩሳትን ማብረድና ትኩሳትን ያመጣውን በሽታ ማጥፋት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። እኛ ይህን ልዩነት የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሴት ልጃችን አልጋ አጠገብ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ በቆሎው በሚደርስበት በጥቅምት ወር፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጃችን አንድ ማክሰኞ ከእኩዮቿ ጋር በፀሐይ ስትጫወት ውላ ወደ ማታ ራሴን አመመኝ አለች። ስትዳሰስ ሰውነቷ እሳት ሆኗል። ባለቤታችን «ምች ነው፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ነበረች» አለች፤ እኛም ምንም አልተጠራጠርንም። እናታችን እኛን ያሳደገችን በዳማከሴ ነውና መብራት ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን፣ በገዛ እጃችን ከተከልነው ቁጥቋጦ ቅጠል ለቅመን እንደ ልማዱ አደረግንላት። ልጅቱ ሌሊቱን አልቧት አደረች፤ ረቡዕ ጠዋት ተነሥታ ቁርሷን በላች። እኛም ደስ ብሎን ወደ ሥራችን ሄድን፤ ስለ ዳማከሴም ደግነት ለሥራ ጓደኞቻችን አወራን።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ግን በዚያው በማክሰኞው ሰዓት ልጅቱን ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ እስኪገጫጭ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም ትኩሳቱ ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ ተነሣ። እኛም ምች አገረሸባት ብለን ዳማከሴውን ደገምነው። የጠጣችውን ሁሉ አስመለሰች። ሲመሽ ስንጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትጨፍን ጀመር። በዚህ መካከል ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ጎረቤታችን ባልቴት ልጅቱን ዳሰሰችና የመጀመሪያው ትኩሳት መቼ እንደ ተነሣባት ጠየቀች። ነገርናት። እርሷም «ልጄ፣ ምች እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ይህ ግን ቀጠሮ አክብሮ የሚመለስ ባለጋራ ነው፤ ንዳድ ነው። ቅጠሉን አስቀምጡና ልጅቱን አንሡ» አለችን።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር የቀጠሮ መዝገብ በየቀኑ የምንጽፍ ሰዎች ነን። በሚስዮን ትምህርት ቤትም ሳለን ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ሆነች፣ ትኩሳቱም በየሁለት ቀኑ ሊመላለስ እንደሚችል ተምረን ተፈትነንበታል። ሆኖም በገዛ ቤታችን የመጣውን ቀጠሮ ማንበብ አልቻልንም፤ ያነበበችው ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት ናት። ይህን ስንጽፍ ኀፍረት እየተሰማን ነው።

ልጅቱን ታቅፈን ወደ ጤና ጣቢያ በሌሊት ሄድን። ከጣቷ አንዲት ጠብታ ደም ወሰዱና መረመሩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወባ መሆኑ፣ ያውም ከሁለቱ ከታወቁት ዓይነቶች አደገኛው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው መሆኑ ተነገረን። የሚዋጠውን መድኃኒት አፏ መያዝ ስላልቻለ በመጀመሪያ በመርፌ ሰጧት፤ ስትበረታም የሦስት ቀኑን እንክብል ጀመረች። ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ጠየቀች፤ ከዚያም ሽሮ ጠየቀች። ሽሮ በጠየቀች ጊዜ ባለቤታችን አለቀሰች። የምታክማትም ሴት ባለሙያ ስለ ዳማከሴው ነገርናት፤ ትቈጣናለች ብለን ፈርተን ነበር፣ ነገር ግን «ቅጠሉ አልበደላችሁም፤ የበደላችሁ ያዘገያችሁት ሁለት ቀን ነው» አለችን።

ይህ ቃል በልባችን ስለ ቀረ ነገሩን መረመርነው። የወባ ተሕዋስያን በደም ውስጥ በቀይ ሕዋሳት ገብተው ይራባሉ፤ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥም ሕዋሳቱን እያፈነዱ ሲወጡ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ከዚያም ለጊዜው ይበርዳል። እንግዲህ በማክሰኞ ሌሊት ዳማከሴ ቢሰጡም ባይሰጡም ትኩሳቱ ረቡዕ ጋብ ሊል ይችል ነበር። እኛ ግን ምስጋናውን ለቅጠሉ ሰጠን። ቅጠሉም በእውነት ትኩሳት የሚያበርድ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው፤ በሽታው በውስጥ ሥራውን እየሠራ ሳለ ምልክቱን ይሸፍንለታልና። የዳማከሴ መልካምነቱ ራሱ፣ ወሰኑን ለማያውቅ ሰው፣ ማታለያ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ እንደሚሳሳት፣ ትኩሳትን ብቻ አይቶ ምች ነው የሚልም እንዲሁ ይሳሳታል።

በባኮ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ያለው አገር የወባ አገር ተብሎ ይቈጠራል፤ ባኮም ከዚህ በታች ነው። ዋናው የወባ ወራት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ይኸውም ፀሐዩ በርትቶ ሰው ምች መታኝ የሚልበት ወራት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ወራት፣ በአንድ ምልክት ይመጣሉ። ከዚህም በላይ የወባ ወሰን የማይነቃነቅ አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በተነሣው ወረርሽኝ፣ ወባ ብዙም በማይታወቅበት ከፍተኛ አገር ሳይቀር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በዘመናችንም ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ እንደ ታመመና ከ1,100 በላይ ሰው እንደ ሞተ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል።

ከዚህ የተነሣ ማንም ሰው የጓሮ ዕፅን እንዲንቅ አንፈልግም። ልጃችንን ያዳነው መድኃኒት ራሱ ከዕፅ የተገኘ ነው። ቻይናዊቱ ሊቅ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ በአገሯ የቆዩ የሕክምና መጻሕፍትን መረመረች፤ ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረው ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ ለትኩሳት ስለሚሆን አንድ ዕፅ በጻፈው ውስጥ፣ ዕፁ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ እንደማያዝዝ አስተዋለች። ከዚህም ሙቀት ኀይሉን እንደሚያጠፋው ገምታ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ተገኘ፣ እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳየ። ሁለቱም የአባቶችንና የእናቶችን ልማድ አልናቁም፤ ደግሞም ሳይመዝኑና ሳይፈትኑ አልተቀበሉም።

አሪቲና ጭቁኝ የዚያ የቻይና ዕፅ ወገን ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በጓሮዬ የወባ መድኃኒት አለኝ ብሎ እንዳይሳሳት እናስጠነቅቃለን፤ በወገን አንድ መሆን በመድኃኒት አንድ መሆን አይደለም። በቤት የተጨመቀ ቅጠል መጠኑ ያልታወቀ ስለ ሆነ የተመዘነውን መድኃኒት አይተካም።

አሁን በቤታችን የምንጠብቀውን ሥርዓት ለአንባቢዎቻችን እናካፍል። አንደኛ፣ ማንኛውም ሰው ትኩሳት ሲነሣበት፣ ይልቁንም ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ከሆነች፣ ትኩሳቱ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቀን ሳይሞላ ደሙን እናስመረምራለን፤ የጤና ኬላም ቅርብ ከሆነ ምርመራው የጣት ጠብታ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። ሦስተኛ፣ ትኩሳቱ በረደ ብለን ምርመራውን አንተውም። አራተኛ፣ የታመመው ሰው የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ቀንም ሌሊትም ሳንል እንወስደዋለን። አምስተኛ፣ የታዘዘውን እንክብል ከምግብ ጋር ሰጥተን፣ ልጁ ዳነ ብለን ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው እናስጨርሳለን። ስድስተኛም፣ በወባ ወራት ሁሉም በአጎበር ውስጥ ይተኛል፤ ይህን በተመለከተ ከልጆች ጋር ክርክር አንቀበልም።

ስለ ዳማከሴም ራሱ ጥቂት ጥንቃቄ ይገባል። ቅጠሉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ የሚያሸውም እጅ ንጹሕ ይሁን። ጭማቂውን በጨቅላ ሕፃን አፍንጫ ወይም በማንም ሰው ዓይን ውስጥ ማንጠብጠብ አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር አትጠጣው። ከዱር የሚለቅም ሰው ዕፁን በሚገባ የማያውቅ ከሆነ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂድ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በጓሮ የተከሉትን መልቀም ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰውም ዳማከሴ ጠጥቶ እንደ ሆነ ሳያፍር ለባለሙያው ይንገር። ብዙ ሰው ይነቅፉኛል ብሎ ይህን ይደብቃል፤ በደበቀው ልክ ግን የገዛ ሕክምናውን ያስቸግራል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ካነበብናቸው ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሲራክ ከምድር ስለሚወጣ መድኃኒትም ስለ ሐኪምም ክብር በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አብሮ ይናገራል። ያን ጊዜ ሁለቱ ለምን አንድ ላይ እንደ ተነገሩ አላስተዋልንም ነበር። ዛሬ ግን ዕፁን ይዞ ሐኪሙን መተው፣ ወይም ሐኪሙን ይዞ ዕፁን መናቅ፣ ሁለቱም ጎደሎ እንደ ሆነ ይመስለናል።

ልጃችን ከዳነች በኋላ ባለቤታችን ዳማከሴውን ልትነቅለው ተነሥታ ነበር። እኛም አልከለከልናትም፤ እናትና ልጅ እንዲነጋገሩበት ተውናቸው። ልጅቱ ግን «እርሱ ምን አደረገ? ንቦቹስ ወዴት ይሄዳሉ?» ብላ አስቀረችው። በሚከተለው ሰኔ ከዚያው ቁጥቋጦ ቁራጭ ወስደን ለዚያች ለጎረቤታችን ለባልቴቲቱ በደጇ ተከልንላት፤ ልጅቱም ራሷ ዳሱን ሠራችለት፣ ውሃም አጠጣችው። ሦስቱም ቁራጮች ይዘዋል። እናንተም፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በመጪው ሰኔ አንድ ቁራጭ በደጃችሁ ትከሉ፤ የአፈሩን ሥራ ስትጨርሱም ከቤታችሁ እስከ ጤና ኬላ ያለውን መንገድ በሌሊት እንዴት እንደምትሄዱት ከቤተ ሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ። እግዚአብሔር ጓሮአችሁን ያለምልምላችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይጠብቅላችሁ።